ዋጋሺ ያለ ጦቢያ ቅጠል ይሠራል? ጥያቄዬና የመጡልኝ 33 መልሶች

የጋና ዋና ከተማ አክራ 3 ዓመት ኖሬአለሁ። ከዚያ ከተማ ምግብ አብዝቶ የሚናፍቀኝ ዋጋሺ ነው። ጠዋት ኒማ ገበያ ከሄዳችሁ ፉላኒ የሚባለው የምዕራብ አፍሪካ ከብት አርቢ ሕዝብ ሴቶች በትልልቅ ሳህን ደርድረው ሲሸጡት ታያላችሁ። ክብ፣ መዳፍ የሚሞላ፣ እርጥብ አይብ ነው። ወተቱን የሚያረጉት በአንድ ቁጥቋጦ ቅጠል ፈሳሽ ነው፤ እኛ ጋ ጦቢያ ይባላል። ይቆረጥና ዘይት ውስጥ ይጠበሳል። ውጪው ወርቃማ ሆኖ ይደርቃል፣ ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። አይቀልጥም። ከዋቼ ጋር፣ ማለትም ሩዝና ቦሎቄ አብሮ ከተቀቀለው ምግብ ጋር፣ ከላይ ሺቶ የሚሉት ጥቁር የቃሪያ ድልህ ጣል ተደርጎበት ሲበላ ሥጋ አያስመኝም።

አሁን ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ወር 4 ሊትር ወተት አፍልቼ ሎሚ ጨመርኩበት። ረጋ። በሻሽ አጥልዬ፣ ቆርጬ መጥበሻ ላይ ሳደርገው ግን ፍርክስክሱ ወጣ። በጣም ከፋኝ። በምዕራብ አፍሪካ የኖርንና አሁንም የሚኖሩ ሐበሾች የምንገናኝበት የኢንተርኔት መድረክ አለን፤ እዚያ ገብቼ ጠየቅኩ። የጎደለኝ ቅጠሉ ነው ወይስ ሌላ ነገር? ብዬ። በዚያውም ያለ ቅጠሉ የተሠራ ነገር ዋጋሺ ሊባል አይገባም ብዬ ጨመርኩ። ጭቅጭቁን ያመጣው ይሄ ዓረፍተ ነገር ነው። በ4 ቀን 33 መልስ መጣ። የሰዎቹን ቃል እዚህ አልገለብጥም፤ ነገሩ እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ።

1ኛው መልስ ከአዲስ አበባ ነበር፣ በጣም ትሁት። ወንድማችን ይህ የራሳችን አይብ ነው አለ። ጠበቅ አድርገሽ በጨርቅ ቋጥረሽ ድንጋይ ጫኚበት፣ አይፈርስም ብሎ መከረኝ። ብዙ ሰው ወደደለት።

2ኛው ላይ ኩማሲ በምትባል የጋና ከተማ 11 ዓመት የኖረች እህት መጣች። የውይይቱ ልብ እሷ ናት። ወንድማችንን በአክብሮት አረመችው። የእኛ አይብ የሚወጣው ከአሬራ ነው። ወተቱ መጀመሪያ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፣ የተረፈው ጎምዛዛ አሬራ ለስ ባለ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። የሚያረጋው ጉምዘቱ ነው ማለት ነው። ዋጋሺ ግን ቅቤው ካልወጣለት ትኩስ ወተት ነው የሚሠራው። ወተቱ ጭራሽ መጎምዘዝ የለበትም። የሚያረጋው የቅጠሉ ፈሳሽ ነው። ስለዚህ አይብ ኮምጠጥ ሲል ዋጋሺ ጣፋጭ የወተት ጣዕም አለው። የአይብ ፍርፋሪ መበተኑም፣ ዋጋሺ እንደ ጎማ መያያዙም ከዚሁ ይመጣል።

ከዚያ አሠራሩን ጻፈች። የተማረችው ከጎረቤቷ፣ ከአንዲት ፉላኒ እናት ነው። የጠዋት ወተት በትልቅ ድስት ለስ ባለ እሳት ላይ ይጣዳል። ቅጠሉና ለጋ ግንዱ ታጥቦ በሙቀጫ ይወቀጣል። ከድስቱ ትንሽ ለብ ያለ ወተት በሳህን ተቀድቶ ቅጠሉ እዚያ ውስጥ ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ በጥሩ ወንፊት ተጠልሎ ወደ ድስቱ ይመለሳል። እሳቱ አይጨምርም። ድስቱም አይማሰልም፤ የሚረጋ ወተት ከበጠበጡት ዱቄት ይሆናል። ሲረጋ እሳቱ ከፍ ይልና ይፈላል። የረጋው እየተሰባሰበ ይወጣል፣ አጓቱ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ያደላል። አሁንም ይፍላ። መፍላቱ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ አይቡን ያጠነክረዋል። ሁለተኛ የቅጠሉን ሥራ ያቆመዋል፤ ቅጠሉ መሥራቱን ከቀጠለ አይቡ ይመራል። ከዚያ በጭልፋ እየተቀዳ ትንንሽ ቅርጫት ውስጥ ይገባል፣ ይንጠፈጠፋል፣ ይገለበጣል፣ ክብ ሆኖ ይወጣል። ከ5 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ገደማ ይገኛል።

ቅጠሉ ስንት ነው? ለሚለው የኩማሲዋ እህት፣ እናትየዋ በዓይን ነው የሚለኩት ብላ መለሰች። ሲበዛ ይመራል፣ ሲያንስ አይረጋም። እኔ ይህን ሳነብ የተሰማኝ አክብሮት ነው። ያለ ሙቀት መለኪያ፣ ያለ ሚዛን፣ በየቀኑ አንድ ዓይነት አይብ ማውጣት ትልቅ ሙያ ነው።

3ኛው ላይ አንዱ ገብቶ ቅጠሉ በእኛ ቋንቋ ምን ይባላል ብቻ አለ። 4ኛው ላይ መተሐራ ያደገ ወንድም ጦቢያ ነው ብሎ መለሰለት። መልሱ ቆንጆ ነበር። በቆላው መንገድ ዳር ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ለምልሞ የሚቆመው፣ ሰፋፊ አመድማ ቅጠል ያለው፣ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት የሚያፈስ ቁጥቋጦ። ፍሬው እንደ ፊኛ የተነፋ ነው፣ ሲፈነዳ ሐር የመሰለ ነጭ ክር በነፋስ ይበተናል። ልጅ ሆነው እናቶቻቸው አትንኩ ይሏቸው ነበር። ያ ተክል ምግብ ላይ እንደሚውል ሲያነብ ማመን አቃተው። 5ኛው ሱዳን የኖረ ሰው ነው፤ በአረብኛ ኡሸር እንደሚባል ጨመረ። 6ኛው ደግሞ የቅጠሉ ስምና አገራችንን በፍቅር የምንጠራበት ስም ግንኙነት አላቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም፣ ምክንያቱም 7ኛው መጣ።

7ኛዋ ፋርማሲስት ናት። ድምጿ ቀየረን። የዚህ ተክል ፈሳሽ መርዝ ነው አለች። የልብን አመታት የሚያዛቡ ንጥረ ነገሮች አሉበት። ዓይን ውስጥ ከገባ የዓይንን የፊት ሽፋን (ኮርኒያ) ይጎዳል፣ እይታ ያደበዝዛል። መድረክ ላይ የአሠራር ዝርዝር ተለቅቆ ነገ አንድ ልጅ መንገድ ዳር ሄዶ ቀጥፎ ወተት ላይ ቢጨምር ማን ይጠየቃል? አለች። መድረኩ ሁሉ ዝም አለ። እኔም ደነገጥኩ።

የኩማሲዋ እህት 8ኛው ላይ መለሰች፣ ትንሽ ተቆጥታ። ከሰሜን ቤኒን እስከ ናይጄሪያና ጋና በየቀኑ ስንት ሰው ይበላዋል፣ ትውልድ ሲበላው ነው የኖረው አለች። 9ኛው ላይ ፋርማሲስቷ ይሄ ማስረጃ አይሆንም አለች፣ የለመደ እጅ የሚሠራውና ያልለመደ እጅ የሚሠራው አንድ አይደለም። 10ኛው ላይ አንድ ሰው ገብቶ ፋርማሲስቷን ፈረንጅ አምላኪ ብሎ ሰደባት። 11ኛው ያንን ሰው መልሶ ሰደበ።

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ፣ 12ኛው የኔ ነው። ስድቡ እንዲቆም ለመንኩ። ሐሳቤንም ጻፍኩ፣ አሁንም አቋሜ ይሄ ነው። ሁለቱም እህቶች ትክክል ናቸው። የፉላኒ እናቶች የሚወስዱት መጠን ትንሽ ነው፣ ያጠሉታል፣ ያፈሉታል፣ እጃቸውም ለምዶታል። ያ እውቀት ግን በጽሑፍ አይተላለፍም። ቅጠሉን የምታውቅ ሴት አጠገባችሁ ከሌለች አትንኩት። መጠኑን በኢንተርኔት አንብቦ መሞከር ልክ አይደለም። ፋርማሲስቷ 13ኛው ላይ አመሰገነች። ደረቅ ቅጠል በፖስታ ላስመጣ የሚል ሰው ተነሥቶ ነበር፤ እሱንም አትሞክር ብላ በደግ ቃል አስቆመችው።

ከዚያ ወሬው ወደ ናይጄሪያ ሄደ። 14ኛዋ ባለቤቷ ዮሩባ ነው፣ ኢሎሪን ትኖራለች። እዚያ ስሙ ዋራ ነው። ከአጓቱ ጋር በትልቅ ሳህን ነው የሚሸጠው፣ ለስላሳ ነው፣ ልጆች እንዲሁ በእጃቸው ይበሉታል፣ ማታ ደግሞ በበርበሬ ተለውሶ ይጠበሳል። 15ኛው ሰው አቡጃ ነበርኩ፣ እኔም የበላሁት እሱን ነው አለ፣ ግን አዋራ ብሎ ጻፈው። እሷም 16ኛው ላይ አረመችው። ዋራ የወተት ነው። አዋራ በሰሜኑ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ሌላ ነገር ነው፣ መልኩ ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያምታታዋል።

አኩሪ አተር የሚለው ቃል እንደ ወጣ ውይይቱ ሌላ መንገድ ያዘ። ጾም! 17፣ 18፣ 19፣ 20 ሁሉም ስለ ጾም ነበር። ሁዳዴ 55 ቀን ሽሮና ምስር ሲደጋገም ለልጆቼ ምን ልስጥ ብላ የምትጨነቅ እናት ነበረች፣ እሷ 18ኛዋ ናት፣ ጥያቄዋ ከልቤ ገባ። የኢሎሪኗ እህት አሠራሩን ነገረቻት። አኩሪ አተሩ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፣ ጠዋት ይፈጫል፣ በጨርቅ ይጨመቃል። የወጣው ወተት ሽታው እስኪጠፋ በደንብ ይፈላል። ከዚያ ሎሚ፣ ወይም የተነከረ ሮቃ የሚባለው ኮምጣጣ ፍሬ፣ ወይም የኮመጠጠ የበቆሎ ውኃ ይጨመራል። ይረጋል፣ በጨርቅ ተጠልሎ ክብደት ይጫንበታል፣ ተቆርጦ ጨውና በርበሬ ነክቶት በዘይት ይጠበሳል። አንዱ ይሄ ቶፉ ነው እኮ አለ። በአሠራሩ አዎ፣ ዘመዳሞች ናቸው። አንድ ሌላ ሰው ጾም ላይ አይብ የሚመስል ነገር መፈለግ በራሱ ልክ አይደለም ብሎ ከረር ያለ ነገር ጻፈ። 18ኛዋ እናት በትዕግሥት መለሰችለት፣ ልጆቼ ፕሮቲን ያስፈልጋቸዋል አለች። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ።

22ኛው መልስ ወደ ጥያቄዬ መለሰን፣ ለእኔ በጣም የጠቀመኝም እሱ ነው። ወንድማችን አውሮፓ ውስጥ አይብ ማምረቻ ይሠራል። መጀመሪያ የጠየቀኝ የገዛሁት ወተት ምን ዓይነት እንደሆነ ነው። ካርቶኑን ሄጄ አየሁት። አልትራ ፓስቸራይዝድ ይላል። ችግርሽ እዚህ ይጀምራል አለኝ። በጣም ከፍ ባለ ሙቀት ያለፈ ወተት ፕሮቲኑ ስለተለወጠ አጥብቆ አይያያዝም፣ የሚወጣው ደካማና ፍርክስክስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኦርጋኒክ ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ተራውን ፓስቸራይዝድ፣ ቅባቱ ያልተነሣለትን ግዢ አለኝ። ሁለተኛ፣ ሎሚ አብዝተሻል። ሦስተኛ፣ ለ20 ደቂቃ ሰቅሎ ማንጠፍጠፍ አይበቃም፣ ክብደት ያስፈልገዋል። ህንዶች ፓኒር የሚሉት በሎሚ ነው የሚረጋው፣ በደንብ ስለሚጫን ግን ዘይት ውስጥ አይፈርስም። ስለዚህ መፍረሱ የቅጠል ጉድለት ብቻ አይደለም። ጥያቄዬን ስጽፍ ጥፋቱን ሁሉ በቅጠሉ ላይ ነበር የጣልኩት፣ እሱ አስተካከለኝ።

ግን ወደ ዋጋሺ በይበልጥ የሚጠጋው ሎሚ አይደለም አለ። አይብ አምራቾች ወተት የሚያረጉበት ሬኔት ነው። የጦቢያ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው፣ ሬኔትም እንዲሁ። ሁለቱም ወተቱን ሳይጎመዝዝ ያረጉታል። ወተቱን ጣት ሲገባበት ለብ እስኪል አሙቂ፣ ሬኔት ጨምሪ፣ ሳትነኪው እስኪረጋ ተዪው። በቢላ በትንሽ በትንሹ ቁረጪው። ከዚያ ቀስ እያልሽ አሙቂውና እስኪፈላ ድረስ አድርሺው። ጨምቂ፣ ጫኚበት። የቆጵሮስ ሰዎች ሃሉሚ የሚሉትም በትኩስ አጓት ውስጥ ስለሚበስል ነው ሲጠበስ የማይቀልጠው። አንድ ሙስሊም ወንድም 23ኛው ላይ ሬኔት ከጥጃ ጨጓራ አይደለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ከጥጃም ይወጣል፣ ከእንስሳ ያልሆነም ይሸጣል፣ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል ብሎ መለሰለት።

25ኛዋ ፓራኩ፣ ሰሜን ቤኒን ውስጥ የኖረች እህት ናት። ቀዩን ነገረችን። ቤኒን ውስጥ ዋጋሺ ብዙ ጊዜ ቀይ ሆኖ ነው ገበያ የሚወጣው። እኔ በርበሬ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ለቀለሙ ሲባል የሚዘራ ማሽላ አለ፣ አገዳውን የሚሸፍነው ቅጠል ደም የመሰለ ቀይ ነው፣ እሱ ውኃ ውስጥ ይፈላና አይቡ እዚያ ውስጥ ይነከራል። ውጪው ቀይ፣ ውስጡ ነጭ ይሆናል። ያልተሸጠው አይብ በጨው ውኃ እንደገና ይፈላል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ወይም ይታጠናል። ማቀዝቀዣ በሌለበት የሚያቆዩት እንዲህ ነው። በደቡብ እስካለችው ትልቅ ከተማ ኮቶኑ ድረስ የሚሄደው እየተፈላ ነው። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ፍሮማዥ ፐል ይሉታል፣ የፉላኒ አይብ ማለት ነው። የኩማሲዋ እህት ጋናም ቀዩ አለ ብላ ደገፈቻት። የእኛ ዘንጋዳስ ያቀላል ወይ ብሎ አንዱ ጠየቀ። የፍሬው ቅላት ሳይሆን የቅጠሉ ሽፋን ነው ነገሩ ተባለ።

27ኛው ግን አናደደኝ። ጋና ሠርቶ የተመለሰ ሰው ነው። አይቡ ጥሩ ነው፣ ሰዎቹ ግን እርሻ የሚያስበሉ ከብት አርቢዎች ናቸው ብሎ ፉላኒዎችን በጅምላ ወረደባቸው። በገበሬና በከብት አርቢ መካከል ግጭት መኖሩን አውቃለሁ፣ በሁለቱም ወገን ሰው ሞቷል፣ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ የማውቃቸው ሴቶች ግን ጎህ ሲቀድ ወተት አፍልተው፣ በራሳቸው ተሸክመው ገበያ የሚወጡ እናቶች ናቸው። በፉላኒ ቤት ከብቱ በአብዛኛው የወንዱ ነው፣ የወተቱና የአይቡ ገንዘብ ግን የሴቷ ነው። የልጅ ልብስ፣ ቅመም፣ መድኃኒት ከዚያ ይገዛል። እነዚህን ሴቶች አይቡን እየበሉ መስደብ ነውር ነው ብዬ 28ኛው ላይ ጻፍኩ። ሰውዬው አልመለሰም። 29ኛው ላይ የመተሐራው ወንድም እኛም አገር ከብት አርቢውን እንዲሁ በጅምላ እንወቅሳለን፣ እዚያ ያደግን እናውቀዋለን አለ።

ስለ ስሙ ያልኩትን ግን አልለቀቅኩም። በሬኔት ወይም በሎሚ ቤታችን የምንሠራው ጥሩ ምግብ ነው። ልጆቻችሁን አብሉበት። ለሽያጭ ሲወጣ ግን ዋጋሺ ብላችሁ አትለጥፉበት። አዲስ አበባ ውስጥ ለካፌ ላቀርበው አስቤአለሁ ያለች እህት ነበረች፣ 30ኛዋ። በዋጋሺ መንገድ የተሠራ የሚጠበስ አይብ በዪው፣ ከማን እንደመጣም ጻፊበት አልኳት። ረዘመብኝ አለች። ይርዘም።

ቅዳሜ ዕለት እንደገና ሠራሁት። 4 ሊትር ተራ ወተት፣ ከእንስሳ ያልወጣ ሬኔት። ረጋ፣ ቆረጥኩት፣ እስኪፈላ ድረስ ቀስ ብዬ አሞቅኩት። የረጋው ሲሰባሰብና ሲጠነክር በዓይኔ አየሁ። ወንፊት ውስጥ አድርጌ በውኃ የተሞላ ድስት ጫንኩበትና ለ3 ሰዓት ተውኩት። ስቆርጠው ቢላው ላይ አልተፈረፈረም። ዘይቱ ውስጥ ቆመ! ባለቤቴ ወጥ ቤት መጥቶ ቆሞ አየ። ግማሹን እንዲሁ በላነው፣ ግማሹን በሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ቀይ ወጥ ውስጥ ጨመርኩት። ወጡን ጠጣው እንጂ አልሟሟም። የአክራው ጣዕም ግን አልነበረውም፣ የሆነ የቅጠል ሽታ ይጎድለዋል። ፎቶውን 31ኛው ላይ ለጠፍኩ።

32ኛው ላይ ፋርማሲስቷ እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። የመጨረሻውን፣ 33ኛውን፣ የኩማሲዋ እህት ናት የጻፈችው። ፎቶውን ለጎረቤቷ አሳይታቸዋለች። እናትየዋ ጎኑ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች አይተው አፍልተሽ ቶሎ አወጣሽው፣ ትንሽ ይቆይ ነበር ብለዋል። ጨዉንስ መቼ ጨመርሽ ብለው ጠይቀዋል። እኔ ከተጠበሰ በኋላ ነበር የነሰነስኩት። በሚፈላው አጓት ውስጥ ነው መግባት ያለበት ብለዋል። የፊታችን ቅዳሜ እንደዚያ አደርጋለሁ፣ ወተቱን ገዝቻለሁ።